እንትኑን ክደኚው

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 63 ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባሁ 28 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ እየጋገርኩ ነበር። ሊጡን አዙሬ ጨርሻለሁ፣ ዓይን ማውጣት ጀምሯል፣ ልጄን ‹ቶሎ በይ፣ ያንን… ያንን… እንትኑን ክደኚው› አልኳት። ቃሉ ድርግም አለብኝ። ‹ሊዱን ነው?› አለችኝ። ሊድስ ሊድ ነው፣ በአማርኛ ግን ማን ነበር የሚባለው? ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ላይም አልጋ ላይም ሳስበው ከረምኩ። ማክሰኞ ዕለት መኪና እያቆምኩ ‹አክንባሎ!› ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ስምም እንደዚሁ ነው። አሥር ዓመት አብረን ማኅበር የጠጣን ሴት ስሟ ቢጠፋኝ ‹እህቴ ናት› ብዬ አስተዋውቄ ተገላገልኩ። ልጆቼ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አሁን መሳቁን ትተው እርስ በርስ መተያየት ጀምረዋል። ያስፈራኝ እሱ ነው። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ጃጅታ እኔን ‹ይቺ ሴትዮ› ትለኝ ነበር። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ይሆን?

እንትና ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ።

ይኸው ደግሞ፣ ጎመን ዘር አድርገን ምጣዱን የምንጠርግበት ጨርቅ ስሙ ማን ነበር? እስካሁን አልመጣልኝም።»

እትዬ እንትና፣

የመጨረሻዋን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ላቆያት። ምክንያት አለኝ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምጣዱ መቼ እንደሚከደን ያውቃሉ። የሚከደንበትንም ዕቃ ያውቁታል። እናትዎ ቤት የነበረው ምን ይመስል እንደነበር፣ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ በምን እንደተለሰነ ብጠይቅዎት አንድ በአንድ የሚነግሩኝ ይመስለኛል። እንግዲያው አክንባሎ አልጠፋብዎትም። የጠፋብዎት «አክንባሎ» የሚለው ድምፅ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ቅኔ የሚወድ ሰው ቢሆን ወርቁ እጅዎ ላይ ነው፣ ሰሙ ነው የቀለጠው ይልዎት ነበር።

አንድ ቃል ከአፍ ከመውጣቱ በፊት አንጎል ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ልንል የፈለግነውን ነገር ይለያል። ቀጥሎ የዚያን ነገር ስም ድምፅ በድምፅ ይሰበስባል። ሁለቱም ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቁ አንድ ሥራ ይመስሉናል። ቃል ጠፋብኝ የምንለው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ተሠርቶ ሁለተኛው መንገድ ላይ ሲቀር ነው። «አውቀዋለሁ እኮ!» እያልን የምንበሳጨውም ለዚህ ነው። እውነትም እናውቀዋለን።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲቦራ በርክ፣ ዶናልድ ማኬይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ወጣቶችን፣ ጎልማሶችንና አረጋውያንን ማስታወሻ ደብተር አስይዘዋቸው ነበር። ቃል በጠፋባቸው ቁጥር ይመዘግባሉ። ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ የመዝገቡ ቁጥርም ጨመረ። ወጣቶቹም ግን ባዶ ደብተር አልመለሱም፤ የሃያ ዓመት ልጅም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ቃል ይጠፋበታል። ልዩነቱ፣ እሱ ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። እርስዎ ግን እናትዎን ያስታውሳሉ።

በእነሱ ማብራሪያ ከትርጉም ወደ ድምፅ የሚወስደው መንገድ በሦስት ነገር ይዳከማል። አንደኛው ዕድሜ ነው። ሁለተኛው ቃሉ እምብዛም የማይነገር መሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከተነገረ ጊዜ ማለፉ። ሰው የማይረግጠው መንገድ ሣር ይበቅልበታል፣ እንደዚያ በሉት። እስቲ አክንባሎን በዚህ እንመዝነው። 63 ዓመትዎ ነው። 28 ዓመት የጋገሩት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ ልጆቹ ሊድ ይሉታል። ለመሆኑ ከዚህ ቀደም «አክንባሎ» ያሉት መቼ ነበር? እኔ ይህ ቃል ባይጠፋብዎት ነበር የሚገርመኝ። «ውሃ» ጠፍቶብዎት ያውቃል? «ቡና»ስ?

ትርጉሙ ለምን አብሮ አይዳከምም ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ትርጉም ብዙ ክር ስላለው ነው። አክንባሎ ሲባል ምጣድ አለ፣ እንፋሎት አለ፣ የጓዳ ጭስ አለ፣ የእናት እጅ አለ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። ድምፁ ግን የተንጠለጠለው በአንዲት ቀጭን ክር ነው። እሷ ከላላች አለቀ። በነገራችን ላይ የቃላት እውቀት ራሱ በዕድሜ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይታይም። በስድሳዎቹ ያለ ሰው ከሃያ ዓመት ወጣት ይልቅ ብዙ ቃል ያውቃል። ያወቀውን ፈልጎ ለማውጣት ነው ጊዜ የሚወስድበት።

ስም ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ አገር የተደረገ ሙከራ ነበር፤ ወደ እኛ ቤት አምጥቼ ልንገርዎት። የአንድ ሰው ፎቶ ላሳይዎትና «ዳኛ ነው» ልበልዎት። ለጎረቤትዎ ያንኑ ፎቶ አሳይቼ «ዳኜ ይባላል» ልበላት። በኋላ ስጠይቃችሁ እርስዎ ሥራውን የማስታወስ ዕድልዎ እሷ ስሙን ከማስታወሷ ይበልጣል። ድምፁ እኮ ያው ነው ማለት ይቻላል! ግን ዳኛ ሲባል ችሎቱ፣ ካባው፣ ቀጠሮው ተከትሎ ይመጣል። ዳኜ ግን… ዳኜ ነው። የእኛ ስም ትርጉም አለው እንዳይሉኝ፣ አለው። ታደሰ የሚባለው ሰውዬ ላይ ግን ምንም የታደሰ ነገር አይታይም። ስለዚህ የማኅበርተኛዎ ስም መጥፋቱ ከሁሉም ያነሰው ማስረጃ ነው። «እህቴ ናት» ማለትዎን ደግሞ ወድጄዋለሁ። እኔ አንድ ለቅሶ ላይ አራት ዓመት አብሬው የተማርኩትን ሰው «አንተ! የት ጠፋህ!» ብዬ አቅፌ ስስመው፣ ጆሮዬ ሥር «ስሜ ጠፋሽ አይደል?» አለኝ። ዋሸሁ፣ አልጠፋኝም አልኩት። «እሺ ማን ነኝ?» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ቀና ብዬ አላየውም።

ልጅዎን ለመጥራት የልጆቹን ስም ሁሉ አንድ በአንድ የሚደረድሩ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሌላ ነገር ነው። አይጨነቁበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ አጥንተው ነበር። ሰው የሚያደባልቀው የቤተሰቡን ስም ከቤተሰቡ ጋር ነው። የውሻውም ስም መሀል ይገባል። የድመት ግን አይገባም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ልጅዎ በውሻው ስም ከተጠራች ውሻው ቤተሰብ ሆኗል ማለት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቤኔት ሽዋርትዝ የሚባል የማያሚ ተመራማሪ 51 ቋንቋዎች ይህንን የቃል መጥፋት ነገር ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቆ ነበር። 45ቱ ምላስን ያነሳሉ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው እንደማለት። ምላስ አያነሱም ተብለው ከተመዘገቡት ጥቂቶች አንዱ አማርኛ ነው። የጠየቁት ሰው ማን እንደነበር እንጃ። እኛ ቤት «ምላሴ ላይ ነው» ሲባል ነው ያደግኩት፣ «አፌ ላይ መጥቶ ጠፋ» የሚሉም ሞልተዋል። ደግሞም አማርኛ ከምላስ የሚበልጥ ነገር አለው። «እንትን» አለን። ዕቃ ሲጠፋ እንትን፣ ሰው ሲጠፋ እንትና፣ ሥራው ሲጠፋ «እንትን አድርጊልኝ»። ሰሚውም ይገባዋል። ልጅዎ «እንትኑን ክደኚው» ሲሏት ምን እንደሚከደን ለማወቅ አልተቸገረችም። ቋንቋው ራሱ ለዚህ ቀን ብሎ ያስቀመጠልን ቃል ነው።

አሁን እርስዎ ያልጠየቁኝ፣ ግን የእርስዎን ጉዳይ ከሌላው የሚለየው ነገር። ሁለት ቋንቋ ነው የሚናገሩት። ሳን ዲዬጎ ያለችው ተመራማሪ ታማር ጎላን ይህንን ለዓመታት አጥንታለች። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አንድ ብቻ ከሚናገረው ይልቅ ቃል ይጠፋበታል። ያደገበት ቋንቋም ቢሆን። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ቀኑ ያው 24 ሰዓት ነው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ያሳለፉት ሰው ለእያንዳንዱ የአማርኛ ቃል የሚደርሰው ተራ ያንሳል። የሚገርመው፣ በሰው ስም ላይ ይህ ልዩነት አልታየም። ስም በየትኛውም ቋንቋ ያው ነዋ! እና እትዬ፣ ልጅዎ «ሊድ» ስትል ወዲያው የገባዎት አእምሮዎ እየሸሸ ስለሆነ አይደለም። የተረገጠው መንገድ እሱ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብላ የምትጋግር እኩያዎ አክንባሎን ላትረሳው ትችላለች። እሷ በሳምንት ሦስት ቀን ትጠራዋለች።

ስለ እናትዎ።

ፍርሃቱ ይገባኛል፣ አላቃልለውም። ወላጁ የጃጀበት ሰው እሱም የመጃጀት ዕድሉ ከሌላው በመጠኑ ከፍ ይላል። ግን ፍርድ አይደለም። ደግሞም እርስዎ ያለብዎትና እናትዎ ላይ ያዩት አንድ ነገር አይመስሉኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አለ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ሳልትሃውስና ባልደረባው ከ18 እስከ 99 ዓመት ያሉ ከ700 በላይ ሰዎችን ፈትነዋል። ቃል ምላስ ላይ መቅረቱም፣ ትናንት የሆነውን ነገር መርሳቱም በዕድሜ ይጨምራሉ። ዕድሜን ለይተው ሲያዩት ግን ሁለቱ ተያይዘው የሚሄዱ ሆነው አልተገኙም። ቃል የሚጠፋበት ሰው ትናንትን የሚረሳ ነው ማለት አይደለም። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከትናንት ነው።

ስለዚህ እርስዎም ልጆችዎም መከታተል ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ጠፍቶ በኋላ ይመጣል ወይስ ሲነገርዎትም እንግዳ ይሆንብዎታል? እርስዎ መኪና እያቆሙ «አክንባሎ!» ብለው ጮኸዋል። ያ ጩኸት ከደብዳቤዎ ውስጥ በጣም ያስደሰተኝ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ አክንባሎውን ይዘው «ይሄ ለምን ነው?» ቢሉ ነበር። አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ መጠየቅ፣ በለመዱት መንገድ መጥፋት፣ ሁልጊዜ ሲከፍሉት የኖሩት ቢል ግራ ማጋባት፣ ሰው ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን መከተል ማቃት፣ ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ቃላቱ ጠፍተው ጠፍተው ንግግሩ «እንትን» ብቻ ሆኖ መቅረት፣ እነዚህ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳሉ። ከመርሳት ሳይሆን ከቋንቋ የሚጀምር በሽታም አለ። ተዋናዩ ብሩስ ዊሊስን ያስታውሳሉ? ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የተናገረው የንግግር ችግር እንዳለበት ነበር። በዓመቱ ነው ሕመሙ ምን እንደሆነ የታወቀው። ብርቅ ነው፣ ግን አለ።

ቶሮንቶ ባለው ቤይክረስት በሚባል የአረጋውያን የጤናና የምርምር ማዕከል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ እኔን ያስገረመኝ ነገር አለው። ከ18 እስከ 90 ዓመት ያሉ 125 ሰዎች ንግግር ተቀድቶ ተመረመረ። ከአእምሮ ቅልጥፍና ጋር የተያያዘው ቃል ፍለጋ ቆም ማለቱ ሳይሆን የአጠቃላይ ንግግሩ ፍጥነት ነበር። ስለዚህ ልጆችዎ «ያንን… ያንን…» ሲሉ ሰዓት መቁጠሩን ይተዉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀን የሚሰጥ አይደለም። ንግግር በድንገት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከተሳሰረ፣ ፊት ባንድ ወገን ከተንሻፈፈ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ያሉበት 911 ነው፣ አገር ቤት ለሚያነቡኝ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሻይ ጠጥተሽ ተኚ፣ ይለቅሻል አይባልም።

ለማንኛውም ለዓመታዊ ምርመራ ሲሄዱ ጉዳዩን ያንሱት፤ ቃል ፍለጋውን የሚያከብዱ፣ ግን የሚስተካከሉ ነገሮች አሉና። ቫይታሚን ቢ12 ያስለኩ። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት የሚወስደው ይቀንሳል። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾሙ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚውጡ ከሆነ ይለኩት። አይጹሙ አላልኩም፣ ይለኩት ነው ያልኩት። ታይሮይድም (የአንገት ዕጢ ነው) እንደዚሁ። ጆሮዎንም ያሳዩ። ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሲልዎ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙት ነገር ካለ ካርቶኑን ገልብጠው ያንብቡ። ዳይፈንሃይድራሚን የሚል ካለበት፣ ቤናድሪልም ታይሌኖል ፒኤምም አለባቸው፣ ለእርስዎ ዕድሜ የሚመከር አይደለም፤ አእምሮ ያደነዝዛል። ለማይግሬን የሚሰጠው ቶፒራሜትም ቃል በመንጠቅ የታወቀ ነው። ሐኪም ያዘዘውን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ ይጠይቁ።

ወደ ቤት ሥራው ልምጣ። አክንባሎን ሦስት ቀን መታገልዎ አልጠቀመዎትም። ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ፣ ካሪን ሃምፍሪስና ተማሪዋ ሰዎችን ቃል ምላሳቸው ላይ ሲቀር ገሚሱን 10 ሴኮንድ፣ ገሚሱን 30 ሴኮንድ አስጠበቋቸውና መልሱን ነገሯቸው። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ሲጠየቁ፣ ረጅም የታገሉበት ቃል ነው ይበልጥ ተመልሶ የጠፋው። አንጎል የተሳሳተውንም መንገድ ይለማመደዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት ይሞክሩ፣ ካልመጣ ይጠይቁ። ለእህት ይሁን ለጓደኛ፣ አገር ቤት ላለ ሰው በቴሌግራም ድምፅ ይላኩ፤ «የምጣዱ ክዳን ማን ነበር?» ብለው። መልሱ ሲመጣ በልብዎ ብቻ አይዙት። ጮክ ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ይበሉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅዎን «አክንባሎውን ክደኚው» ይበሏት። ቆርቆሮ ቢሆንም። እሷም አንድ ቃል ታተርፋለች።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጫፉን ብቻ የሚሰጥ ሰው ነው። የመጀመሪያዋ ድምፅ ብዙ ጊዜ የቀረውን ይዞት ይወጣል፤ በራስ የተገኘ ቃል ደግሞ ከተነገረው ይልቅ ይሰነብታል። ሰው ከሌለ ፊደል ገበታውን ይውረዱት። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል ሁሉ አይደለም፤ ግዕዙን ብቻ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ። «አ» ላይ ሲደርሱ አክንባሎን ያገኙት ነበር።

በእግር መሄድም ይጠቅማል ይላሉ። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት የሰውነት ብቃታቸው የተሻለ አረጋውያን ቃል የሚጠፋባቸው በመጠኑ ያነሰ መሆኑን አይቷል። አነስ ያለ ጥናት ነው፣ እና መራመዱ ነው ምክንያቱ ብሎ አላረጋገጠም። ቢሆንም መራመድ የጎዳው ሰው አላየሁም፤ ስልኩን ይዘው ከእህትዎ ጋር በአማርኛ እያወሩ ይራመዱ።

ልጆችዎ ይህንን እንዲያነቡ ያድርጉ። መተያየቱን ትተው በቀጥታ ይጠይቁዎት፤ ሲጠፋብዎ ደግሞ ቃሉን ከአፍዎ አይንጠቁ። ጫፉን ይስጡ።

አሁን ያቺ ጨርቅ። መልሱን አልነግርዎትም። የምትጀምረው በ«ማ» ነው። ሦስት ፊደል ናት። አንድ ደቂቃ ይስጧት፣ ካልመጣች እህትዎ ጋ ይደውሉ።